ፍርድ የማይደርስበት ገንዘብ፦ የአካል ጉዳት ክፍያና የባለዕዳው የባንክ ሒሳብ

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላል ያገራችን ሰው። ፍርድ ቤት ተመላልሶ የረታ፣ ነገር ግን ገንዘቡን በእጁ ያላስገባ ነጋዴም ከዚህ የተለየ አይናገርም። ፍርድ ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ፍርዱን ወደ ብር መለወጥ ሌላ ነገር ነው። በሁለቱ መካከል ደግሞ ብዙ አበዳሪ አስቀድሞ ያላሰበው አጥር አለ። ሕግ «ይህን አትንካ» ብሎ የከለለው የባለዕዳው ገንዘብ ነው። ከዚህ ገንዘብ አንዱ በሥራ ላይ ለደረሰ የአካል ጉዳት የሚከፈለው ካሳና ጡረታ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የተለየ ሰው ታሪክ ሳይሆን ነገሩን ለማስረዳት የተያዘ ነው። በወር 6 ሺህ ብር የሚከፈለው የብረታ ብረት ሠራተኛ ሁለት እጆቹን ማሽን ይቆርጠዋል። ከአደጋው በፊት እህቱ ከአንድ የመርካቶ ጅምላ ነጋዴ በዱቤ ለወሰደችው የ180 ሺህ ብር ዕቃ ዋስ ሆኖ ፈርሟል። የእህቱ ሱቅ ይዘጋል። ጅምላ ነጋዴው ይከሳል። ተከሳሾቹ መጥሪያ ደርሷቸው ባለመቅረባቸው በሌሉበት ይፈረድባቸዋል። ነጋዴው የአፈጻጸም መዝገብ ያስከፍታል፤ ፍርድ ቤቱም ለባንኮች ይጽፋል። ከአንዱ ባንክ የሚመጣው መልስ «በተጠቀሰው ስም 371 ሺህ ብር ተገኝቷል፤ እንዳይንቀሳቀስ ታግዷል» የሚል ነው።

ነጋዴው ደስ ይለዋል። ዕዳው ከነወለዱ ተከፍሎ ይተርፋል። ችግሩ ግን በሒሳቡ ካለው ገንዘብ 360 ሺህ ብሩ ሁለት እጁን ላጣው ሰው የተከፈለ ካሳ መሆኑ ነው። ይህ ገንዘብ የማን ነው? የነጋዴው ዕቃ በእርግጥ ተወስዷል፣ ዋሱም በእርግጥ ፈርሟል። ሠራተኛው ደግሞ ከዚህ በኋላ ሠርቶ የሚያመጣው ሌላ ብር የለውም።

ሕጉ የከለለው

የአገራችን ሕግ በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 404 በፍርድ አፈጻጸም ሊያዙና ሊሸጡ የማይችሉ ንብረቶችን ይዘረዝራል። የባለዕዳው አስፈላጊ ልብስ፣ የማብሰያ ዕቃና መኝታ አይያዝም። የሚሠራበት መሣሪያ አይያዝም። የገበሬው የእርሻ ከብትና ዘር፣ ለራሱና ለቤተሰቡ ለ3 ወር የሚበቃ ምግብና ገንዘብም እንዲሁ ተከልሏል። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ለኛ ርዕስ ዋናው ጡረታና ቀለብ የማይያዙ መሆናቸው ነው።

ደመወዝን በተመለከተ ሁለት ሦስተኛው አይነካም። ደመወዙ በቀን ከ2 ብር ካልበለጠ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው። በቀን 2 ብር የሚለው መጠን የዛሬ አንባቢን ያስቀው ይሆናል። ነገር ግን የሕግ አውጭው ሐሳብ ከቁጥሩ በላይ ነው። ባለዕዳ ዕዳውን ይክፈል፣ ነገር ግን እየከፈለ ይብላ የሚል ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉም ይህንኑ መንገድ ይከተላል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ጠቅላላ መጠን ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ ሊበልጥ አይችልም። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚከፈለው ገንዘብ ጥበቃው ከዚህም ይጠነክራል። ከግብር ነፃ ነው፤ ለሌላ ሰው አይተላለፍም፣ በዕዳ አይያዝም፣ «ከዚህ በፊት ከኔ የወሰድከው አለ» ተብሎም አይቻቻልም።

የክፍያው መጠንም መታወቅ አለበት። ሠራተኛው ለጊዜው ሥራ መሥራት ካልቻለ አሠሪው ለመጀመሪያዎቹ 3 ወሮች ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ 3 ወሮች ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወሮች ደግሞ ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፍለዋል። ጉዳቱ ዘላቂና ሙሉ ሲሆን፣ ሠራተኛው በጡረታ ወይም በኢንሹራንስ ያልተሸፈነ ከሆነ፣ አሠሪው የ5 ዓመት ደመወዙን በአንድ ጊዜ ይከፍላል። በምሳሌያችን 6 ሺህ ብር በ12 ወር፣ ከዚያም በ5 ዓመት ሲባዛ 360 ሺህ ብር ይሆናል። በጡረታ ዐቅድ የተሸፈነው ሠራተኛ ግን ክፍያውን የሚያገኘው ከጡረታ መሥሪያ ቤቱ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች በጡረታ የታቀፉት በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ሲሆን፣ ይህ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ተተክቷል። ለዚህም ከደመወዙ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ።

እዚህ ላይ ሕጉ የቆመው ለባለዕዳው አዝኖ ብቻ አይደለም። ይህ ገንዘብ የተቀመጠበት ዓላማ አለው። ከአሠሪውና ከሠራተኛው የተዋጣው አካሉን ያጣ ሰው በመንግሥትና በዘመድ ላይ እንዳይወድቅ ነው። ለጅምላ ነጋዴው ቢከፈል መዋጮው የአደጋ መድን መሆኑ ቀርቶ የዱቤ ሽያጭ መድን ይሆናል ማለት ነው።

ገንዘቡ ባንክ ሲገባ

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ግልጽ ነው። ጭቅጭቁ የሚጀምረው ገንዘቡ ከከፋዩ ወጥቶ ባንክ ሲገባ ነው። ጡረታው በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ላይ እያለ ጡረታነቱን ማንም አይስተውም። ባንክ ከገባ በኋላ ግን በሒሳብ ደብተር ላይ የሚታየው ቁጥር ብቻ ነው። ከዘመድ የተላከው፣ ከዕቁብ የወጣው፣ ከቤት ኪራይ የተገኘውና የአካል ጉዳት ካሳው በአንድ ድምር ይቀመጣሉ። የፍርድ ቤቱ ደብዳቤ የሚጠይቀው «በዚህ ሰው ስም ስንት አለ?» ብሎ ነው። ባንኩም የሚመልሰው የተጠየቀውን ነው።

ስለዚህ ሸክሙ በባለዕዳው ላይ ይወድቃል። ገንዘቡ ከታገደ በኋላ ፍርድ ቤት ቀርቦ «ይህ ካሳ ነው» ብሎ ማስረዳት ያለበት እሱ ነው። ያንን እስኪያደርግ ግን መድኃኒት የሚገዛበት፣ የቤት ኪራይ የሚከፍልበት ብር ታግዶ ይቆያል። ለመመላለስ ትራንስፖርት፣ አቤቱታ ለማጻፍ ገንዘብ ያስፈልጋል። እጅ የሌለው ወይም መንቀሳቀስ የማይችል ሰው ይህንን ሁሉ እንዴት ያደርጋል? ሕጉ የሰጠውን ጥበቃ የአሠራሩ ክፍተት የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ክፍተት የኛ አገር ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች ለአርባ ዓመት ያህል ታግለውበታል። በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ፣ በዕድሜ ወይም በጉዳት ከሥራ የወጡ ዘመዶች ያሏቸው አንባቢዎች ስላሉን፣ እዚያ የተገኘው መፍትሔ በሁለት በኩል ይጠቅማል።

አሜሪካኖች የዘጉት ቀዳዳ

የአሜሪካ የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1935 ሲወጣ ከዚህ የሚከፈል ገንዘብ በዕዳ እንደማይያዝ ተደንግጓል። የአካል ጉዳት ክፍያ እ.ኤ.አ. በ1956፣ ለድሃ አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን የሚሰጠው ኤስ ኤስ አይ የሚባለው ድጎማ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በዚሁ ጥበቃ ሥር ገብተዋል። «ባንክ ከገባስ?» የሚለውን ጥያቄ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1973 መለሰው። በኒው ጀርሲ ክፍለ ሀገር አንድ የአካባቢ የድጎማ ቦርድ፣ ለአንድ አካል ጉዳተኛ የሰጠውን እርዳታ ሰውየው ባንክ ካስገባው የአካል ጉዳት ክፍያ ላይ ለመውሰድ ጠየቀ። ፍርድ ቤቱ ገንዘቡ ባንክ ስለገባ ጥበቃውን አያጣም ብሎ ወሰነ።

ውሳኔው በወረቀት ጥሩ ነበር። በተግባር ግን የፍርድ ባለመብቶች ትእዛዝ ሲልኩ ባንኮች ሒሳቡን በሙሉ ያግዱ ነበር። ባለዕዳው የሚያውቀው ገንዘብ ሊያወጣ ሄዶ ባዶ እጁን ሲመለስ ነው። የታገደው ገንዘብ የእሱ መሆኑን ፍርድ ቤት እስኪያረጋግጥለት ሳምንታት ያልፋሉ። በዚያ ላይ ባንኩ ለእገዳው ሥራ አገልግሎት ክፍያ ይቆርጥበታል።

እ.ኤ.አ. ከግንቦት 1 ቀን 2011 ጀምሮ የጸናው የአገሪቱ የገንዘብ ሚኒስቴር ደንብ ይህንን አሠራር ገለበጠው። ሸክሙን ከባለዕዳው ትከሻ አውርዶ ለባንኩ ሰጠው። ባንኩ የእገዳ ትእዛዝ ሲደርሰው በ2 የሥራ ቀናት ውስጥ ያለፉትን ሁለት ወሮች የሒሳብ እንቅስቃሴ ይመረምራል። ከፌዴራል መንግሥት በቀጥታ በኤሌክትሮኒክ የገባ የጥቅም ክፍያ ካለ፣ መንግሥት በክፍያው ላይ ባስቀመጠው ምልክት ይለየዋል። በሁለቱ ወር የገባውን ያህል ገንዘብ፣ ወይም የቀረው ከዚያ ካነሰ የቀረውን በሙሉ፣ ለባለሒሳቡ ክፍት ያደርጋል። ባለሒሳቡ ማመልከቻ ማስገባት የለበትም።

በቁጥር እንየው። በወር 1,400 ዶላር የአካል ጉዳት ክፍያ የሚያገኝ ሰው በሁለት ወር 2,800 ዶላር ይገባለታል። የእገዳ ትእዛዝ ሲመጣ በሒሳቡ 3,500 ዶላር ቢኖር 2,800ው አይነካም፤ 700ው ግን ይታገዳል። በሒሳቡ ያለው 1,900 ብቻ ቢሆን ሁሉም ነፃ ነው። የታገደውም 700 ዶላር የቆየ የጉዳት ክፍያ ቁጠባ ከሆነ ባለሒሳቡ ለፍርድ ቤት አስረድቶ ሊያስለቅቀው ይችላል። ከተጠበቀው ገንዘብ ላይ ባንኩ የእገዳ አገልግሎት ክፍያ መቁረጥ አይችልም።

የዚህ ደንብ ብልሃቱ ለሁለቱም ወገን መሥራቱ ነው። ባለዕዳው የወር ቀለቡን አያጣም። አበዳሪውም ባለዕዳው ሌላ ሀብቱን በጉዳት ክፍያ ስም ደብቆ እንዳያስቀምጥ የሁለት ወር ጣሪያ ተበጅቶለታል። ማንም ማንንም ሳይለምን በሒሳብ ይለያል። ዘመድ ያላችሁ ግን አንድ ነገር ንገሯቸው። ይህ ቀጥተኛ ጥበቃ የሚሠራው ክፍያው በኤሌክትሮኒክ በቀጥታ ሲገባ ነው። በወረቀት ቼክ ወስዶ ባንክ የሚያስገባ ወይም ገንዘቡን ወደ ሌላ ሒሳብ የሚያዛውር ሰው፣ ገንዘቡ በሕግ የተጠበቀ ቢሆንም፣ ራሱ ቀርቦ ማስረዳት ይጠበቅበታል።

አጥሩ በር አለው

ጥበቃው ግን በሁሉም ላይ አይቆምም። በአሜሪካ ለልጅ ማሳደጊያና ለቀድሞ የትዳር ጓደኛ ቀለብ ከአካል ጉዳት ክፍያ ላይ ይወሰዳል። መንግሥት ራሱም ለታክስ እስከ 15 በመቶ፣ ለሌላ የፌዴራል ዕዳም እንዲሁ እስከ 15 በመቶ ሊቆርጥ ሕጉ ይፈቅድለታል። ለዚህ ለሁለተኛው ዓይነት ዕዳ ሲቆረጥ ግን በወር የመጀመሪያው 750 ዶላር አይነካም። በወር 800 ዶላር ለሚያገኝ ሰው 15 በመቶው 120 ዶላር ቢሆንም ከ750 በላይ ያለው 50 ዶላር ብቻ ስለሆነ የሚቆረጠው 50 ነው። ለድሆች የሚሰጠው ኤስ ኤስ አይ ከነዚህ ቅነሳዎችም ነፃ ነው።

በኛም አገር የጡረታ ሕጎች መርሑ ተመሳሳይ ነው። ጡረታ በዕዳ አይያዝም፤ ፍርድ ቤት ለመንግሥት ላልተከፈለ መቀጮ፣ ግብርና መሰል ክፍያ፣ ወይም ለቤተሰብ ቀለብ ሲያዝ ግን በሩ ይከፈታል። ከሁሉም ሕጎች የሚነበበው ቅደም ተከተል አንድ ነው። ልጅ ይቀድማል፣ መንግሥት ይከተላል፣ ነጋዴ ግን ከአጥሩ ውጪ ይቆማል።

ለአበዳሪው ሒሳቡ

ይህ ለንግዱ ኅብረተሰብ ቅር የሚያሰኝ ሊመስል ይችላል። በዱቤ የሸጠ ሰው ምን አጠፋ? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ዱቤው ሲሰጥ እንጂ ሲፈረድ አይገኝም። በገበያችን ዋስ ሲቀርብ «ደመወዝተኛ ነው»፣ «ጡረታ አለው» መባሉ እንደ ትልቅ ማረጋገጫ ይታያል። ደላላውም ይህንኑ ይዞ ያስማማል። በሕጉ ዓይን ሲታይ ግን ጡረታ ለአበዳሪው ምንም፣ ደመወዝ ደግሞ አንድ ሦስተኛ ብቻ ነው።

ዋሱ በወር 9 ሺህ ብር ደመወዝ ያለው ቢሆን በአፈጻጸም ሊቆረጥ የሚችለው ቢበዛ 3 ሺህ ብር ነው። 180 ሺህ ብር ለመሰብሰብ 60 ወር፣ ማለትም 5 ዓመት ይፈጃል፤ ይህም ወለዱን ሳንቆጥር ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ተዋዋዮቹ ሌላ ካልተስማሙ ወለዱ በዓመት 9 በመቶ ስለሆነ በመጀመሪያው ዓመት 16,200 ብር ይሆናል። በወር ሲካፈል 1,350 ብር ማለት ነው። ከሚቆረጠው 3 ሺህ ብር ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረውን መጀመሪያ ላይ ወለዱ ይወስደዋል።

የዋጋ ንረቱ ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2022 በአገራችን ዓመታዊ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በ30 በመቶ ንረት የዛሬ 100 ብር በዓመቱ የሚገዛው ዛሬ በ77 ብር የሚገዛውን ያህል ነው። 9 በመቶ ወለድ ይህንን አይጠግነውም። የፍርድ ወረቀትም ዕድሜ አለው። ከ10 ዓመት በኋላ የአፈጻጸም ጥያቄ ተቀባይነት የለውም።

ስለዚህ ብልህ አበዳሪ የሚያየው የሰውየውን የወር ገቢ ሳይሆን ሊያዝ የሚችል ንብረቱን ነው። ቤት ካለ በመያዣ ይመዘገባል። ሸቀጥ፣ ማሽን ወይም ተሽከርካሪ ካለ በተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት መብቱን ማስመዝገብ ይቻላል። ምንም ከሌለ ደግሞ የዱቤውን መጠን ማሳነስና ቀኑን ማሳጠር ነው። አካል ጉዳተኛን ከዱቤ ገበያ ማስወጣት ግን ትክክለኛው መደምደሚያ አይደለም። ሱቅ ያለው አካል ጉዳተኛ ሸቀጡን እንደማንኛውም ነጋዴ በመያዣ ማቅረብ ይችላል። የማይያዘው ክፍያው ነው እንጂ ንግዱ አይደለም።

ለባለዕዳውም

ጥበቃው በሕግ አለና ተኝቼ ልደር የሚል ባለዕዳ ይሳሳታል። የመጀመሪያው ስሕተት መጥሪያ ደርሶ አለመቅረብ ነው። በሌለበት የተፈረደበት ሰው በቂ ምክንያት ካለው ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ እንዲነሣለት ማመልከት ይችላል፤ ወሩ ካለፈ ግን በሩ ይዘጋል።

ሁለተኛው ስሕተት ገንዘብ መቀላቀል ነው። የጉዳት ካሳም ሆነ ጡረታ ለብቻው ሒሳብ ተከፍቶለት ሌላ ብር ባይገባበት፣ እገዳ ሲመጣ ማስረዳቱ የአንድ ቀን ሥራ ይሆናል። የከፋዩ ደብዳቤ፣ የሐኪም ቦርድ ውሳኔና የባንክ የሒሳብ መግለጫ በአንድ ፋይል መቀመጥ አለባቸው። እገዳው እንደተሰማ ለአፈጻጸም ችሎቱ በጽሑፍ ማመልከት ያስፈልጋል። በምሳሌያችን ያለው ሠራተኛ እነዚህን ይዞ ቢቀርብ 360 ሺህ ብሩ የጉዳት ካሳ መሆኑን ያሳያል። የቀረው 11 ሺህ ብር ላይ ደግሞ የ3 ወር ቀለቡን መጠየቅ ይችላል። ሰነዱን ካላቀረበ ግን ዳኛው የሚያየው 371 ሺህ ብር የሚል ቁጥር ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ሸክም በተጎዳው ሰው ላይ መውደቁ ግን መቀየር ያለበት ነገር ነው። የሚያስፈልገው አዲስ አዋጅ አይመስለንም። ጡረታና የጉዳት ካሳ ወደ ባንክ ሲተላለፍ ምልክት ይደረግበት፤ ባንኩም ለፍርድ ቤት ሲመልስ «ይህን ያህል አለ» ብቻ ሳይሆን «ከዚህ ውስጥ ይህን ያህሉ ጡረታ ወይም የጉዳት ካሳ ነው» ይበል። ክፍያ በኮምፒዩተር በሚተላለፍበት ዘመን ይህ አስቸጋሪ ሥራ አይደለም።

እንዲህ ቢደረግ ጅምላ ነጋዴው በመጀመሪያው ቀን እውነቱን ያውቃል። የማይደርስበትን ገንዘብ ሲያሳድድ ለጠበቃና ለመመላለስ አይከፍልም፤ ይልቁንም የእህትየውን የቀረ ሸቀጥና የሱቅ ዕቃ ይፈልጋል። ሁለት እጁን ያጣው ሰውም የወር አስቤዛውን ሊገዛ ባንክ ሲሄድ «ሒሳብዎ ታግዷል» አይባልም።